ሮቦት መጥረጊያና መወልወያ፦ ለቨርጂኒያው አፓርታማ የትኛው፣ ለአዲስ አበባው የእናቴ ቤትስ የትኛው?

ጥያቄ፦ «የአሌክሳንድሪያዋ» (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ለየቅል የሆኑ ቤቶችን አስቤ ነው ምክራችሁን የምጠይቀው። አንደኛው ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖርበት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ሲሆን፣ ሳሎኑና ወጥ ቤቱ ቪኒል፣ መኝታ ቤቶቹ ደግሞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ናቸው። የእኔም የልጄም ጸጉር ረጅም ስለሆነ አሁን ያለን የእጅ ቫክዩም ብሩሹ በጸጉር እየተጠመጠመ ያስቸግረናል። ወጥ በሠራሁ ቁጥር ምድጃው ፊት የሚፈናጠቀው ዘይትም ካልተወለወለ በመጥረግ ብቻ የሚለቅ አይደለም። ለዚህ ቤት እስከ 500 ዶላር ማውጣት እንችላለን።

ሁለተኛው አዲስ አበባ የሚገኘው የእናቴ ቤት ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ጎንበስ ብሎ መወልወል ከብዷታል፤ ረዳት ብትኖራትም ቤቷን በራሷ ካላጸዳች ደስ አይላትም። ሳሎኑና ኮሪደሩ ሴራሚክ፣ መኝታ ቤቶቹ ፓርኬ ናቸው፤ በክፍሎቹ መካከልም ደፍ አለ። ለፋሲካ ስሄድ ይዤላት ብሄድ ምን ዓይነቱ ይሻላል? ለእርሷ ያሰብኩት እስከ 300 ዶላር ነው። ሻጮቹ ሁሉ የመሳብ አቅምን በትልልቅ ቁጥር ስለሚያስተዋውቁ፣ የትኛውን ቁጥር ማመን እንዳለብኝም ግራ ገብቶኛል።

መልስ 1፦ «ጽዱ ወለል» (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ጠያቂዋ እህታችን፣ በዚህ አካባቢ የቤት ጽዳት ሥራ ስለምሠራ የደንበኞቼ ሮቦቶች ጽዳታቸውን የት አድርሰው የት እንደሚተዉት በቅርብ አያለሁ። መጀመሪያ የሚመረጠው የዕቃው ስም ሳይሆን የወለሉ ዓይነት መሆን አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። እርስዎ ቤት ያለው ችግር ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ተቃራኒ ወለል መኖሩ ነው፤ ቪኒሉ ውሃ ይፈልጋል፣ ምንጣፉ ውሃ ሊነካው አይገባም።

በፓስካል የሚጻፈው የመሳብ አቅም ከ2,000 ተነስቶ ዛሬ ከ20,000 በላይ ደርሷል። ነገር ግን ፓስካል የሚለካው በማሽኑ ውስጥ የሚፈጠረውን የአየር ግፊት ልዩነት ብቻ ነው፤ ምን ያህል አየር እንደሚያልፍም ሆነ ብሩሹ ምንጣፉን ምን ያህል እንደሚያራግፍ አይነግረንም። አምራቾቹም ልኬቱን የሚያወጡት እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ስለሆነ የአንዱን 8,000 ከሌላው 12,000 ጋር ማወዳደር ብዙም ትርጉም የለውም። ለቪኒልና ለሴራሚክ አነስተኛው አቅም እንኳ በቂ ነው። ምንጣፍ ላይ ለውጥ የሚያመጣው ዋናው ብሩሽ ነው፤ ረጅም ጸጉር ላለበት ቤት ባለጸጉር ብሩሽ ሳይሆን የጎማ ብሩሽ፣ በተለይም ጸጉሩን ወደ አንድ ጫፍ እየገፋ ወደ ማጠራቀሚያው እንዲገባ ተደርጎ የተሠራው ይመረጣል።

ከዚያ የሚቀጥለው አቅጣጫ የሚያውቅበት ስልት ነው። አይሮቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሩምባ የተባለውን ሮቦት መጥረጊያ በ2002 ገበያ ላይ ሲያወጣ ማሽኑ ዕቃ እየነካ በዘፈቀደ ይዞር ነበር፤ ዛሬም በጣም ርካሾቹ ከዚያ ብዙም አልራቁም። በሌዘር ቤቱን ለክቶ ካርታ የሚያወጣው ዓይነት ግን መስመር በመስመር እየሄደ ይጨርሳል፣ የቀረውንም ያውቃል። የሌዘር ሮቦት ዋጋ ስለወረደ፣ በ200 እና በ300 ዶላር መካከል ጥሩ ማግኘት በሚቻልበት ጊዜ በዘፈቀደ የሚዞረውን እንዲገዙ አልመክርም። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይለኩ፤ ብዙዎቹ የሌዘር ሮቦቶች ከላያቸው ጉብ ያለ ክብ ነገር ስላለባቸው ቁመታቸው ወደ 10 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ሶፋዎ ከዚያ ዝቅ ካለ ከሥሩ አይገቡም።

ወደ መወልወሉ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነውና። ርካሾቹ የሚወለውሉት ከኋላቸው እርጥብ ጨርቅ እየጎተቱ ነው። ይህ ለስስ አቧራ ይሆናል፤ የወጥ ዘይት ላይ ሲደርስ ግን ዘይቱን ከማንሳት ይልቅ ከምድጃው ፊት ወስዶ ሳሎን ድረስ ይስበዋል። ከእርሱ የተሻሉት ጨርቁን እያርገበገቡ የሚፈትጉት ናቸው፤ ከእነርሱም የሚሻሉት ሁለት ክብ ጨርቆችን ወለሉ ላይ ተጭነው የሚያሽከረክሩት ናቸው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እየተሽከረከረ ያለማቋረጥ በንጹሕ ውሃ የሚታጠብ ጥቅልል ያላቸው መጥተዋል፤ ዘይት ላይ ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያየሁት በእነዚህ ነው።

ምንጣፉን በተመለከተ፣ ሮቦሮክ የተባለው አምራች በ2021 ያወጣው ኤስ 7 የተባለ ሮቦት ጨርቁን 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ሲጀምር ትልቅ እርምጃ ነበር። ለስስ ምንጣፍ ያ ይበቃል፤ እንደ እርስዎ መኝታ ቤት ላለው ወፍራም ምንጣፍ ግን 1 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሚያነሳ ያስፈልጋል። ከ2023 ወዲህ ድሪሚ የተባለው አምራች አንዳንድ ሞዴሎች ጨርቆቹን ጭራሽ ጣቢያው (ሮቦቱ የሚቆምበትና ባትሪው የሚሞላበት መቀመጫ) ላይ አውልቀው ትተው ምንጣፉን በደረቅ መጥረግ ችለዋል፤ እነዚህ ግን ከበጀትዎ በላይ ናቸው።

አቧራውን ራሱ ወደ ከረጢት የሚገለብጥ ጣቢያ ያለው ከ300 እስከ 500 ዶላር፣ ጨርቁንም የሚያጥብና የሚያደርቅ ጣቢያ ያለው ደግሞ ከ500 ተነስቶ ከ1,000 ዶላር በላይ ድረስ ይሸጣል። በእርስዎ ቦታ ብሆን የኅዳሩን የብላክ ፍራይዴ ወይም የአማዞንን ዓመታዊ ቅናሽ ጠብቄ፣ ባለፈው ዓመት 700 ወይም 800 ዶላር የነበረውን፣ ክብ ጨርቅ የሚያሽከረክርና ጨርቁን የሚያጥብ ሞዴል በ500 ዶላር እወስዳለሁ። የዘንድሮው አዲስ ሞዴል ከአምናው የሚለይበት ነገር ለአፓርታማ ኑሮ ብዙም የሚታይ አይደለም። መጠበቅ ካልቻሉ ግን ገንዘቡን በጣቢያው ላይ ሳይሆን በጎማ ብሩሹና በሚነሳው ጨርቅ ላይ ያውሉት።

መልስ 2፦ «የበረሃ አበባ» (ዱባይ)

እኔ በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ ስሆን የቤቱን ሮቦት የምንከባከበው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሻጭ የማይነግራችሁን ላካፍል። ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን ወለሉ በሙሉ ሴራሚክ ነው። የዚህ አገር አቧራ ዱቄት የመሰለ ስስ አሸዋ በመሆኑ፣ በመስኮት ጠርዝና በበር ሥር እየገባ ጠዋት የተጠረገውን ማታ መልሶ ያለብሰዋል። ሮቦቱ በየቀኑ ባይዞር ኖሮ እኔ ቀኑን ሙሉ ከመጥረጊያ ጋር ነበርኩ፤ ለጉልበቴ ያደረገውን እረፍት ማቃለል አልፈልግም።

ይሁን እንጂ «ራሱን የሚያጸዳ» የተባለው ጣቢያ ራሱ ጽዳት የሚፈልግ ዕቃ ነው። ሁለት ገንዳ አለው፤ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው ጨርቁ የታጠበበት ቆሻሻ ውሃ። ቆሻሻው ገንዳ በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን ከቆየ ክዳኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ከታችም እንደ ጭቃ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ይቀመጣል። በየዕለቱ መድፋትና በብሩሽ መፈተግ ግድ ነው። ጨርቁ የሚታጠብበት ገበታ ላይም ጸጉርና አሸዋ ተጋግሮ ይቀራል። ይህን የሚሠራ ሰው በቤቱ ከሌለ ጣቢያ ያለው ሮቦት አይገዛ ባይ ነኝ።

ጸጉርን በሚመለከት፣ የጎማ ብሩሽ ቢሆንም እንኳ ጸጉር በሁለቱ ጫፎች፣ ብሩሹ በሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ይጠመጠማል። ብሩሹን አውጥቶ ጫፉ ላይ ያለውን ክዳን ነቅሎ በመቀስ መቁረጥ ያስፈልጋል። የፊተኛዋ ትንሽ ጎማም ወደ ላይ ሲስቧት ትወጣለች፤ በእርሷ ዘንግ ላይ የሚጠመጠመውን ጸጉር ብዙ ሰው ስለማያየው ሮቦቱ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ሲጀምር ተበላሸ ብለው ይጥሉታል።

ገንዳው ውስጥ በረኪናም ሆነ አረፋ የሚያወጣ ሳሙና ፈጽሞ አትጨምሩ። በረኪናው የውስጡን ጎማዎች ይበላል፤ አረፋው ደግሞ ውሃ መሳቢያውን ያንቃል። ንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ካልሆነም አምራቹ የፈቀደውን ማጽጃ ነው። እናታችሁ ቤት በበረኪና መወልወል የለመደ ሰው ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ የሚገዛው ሮቦት በ230 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ከአገራችን መብራት ጋር ይስማማል፤ የሚለየው ሶኬቱ ብቻ ነው። ከአሜሪካ ከማምጣት ይልቅ በዱባይ በኩል የሚያልፍ ዘመድ ካለ ይህ የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል።

መልስ 3፦ «ሰሜን ኮከብ» (ስቶክሆልም)

ከላይ የተባለውን ሳልደግም ሁለት ነገሮችን ብቻ ላንሳ።

የመጀመሪያው ካሜራ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ካልሲንና የስልክ ገመድን ለይተው ከሚያልፉት ሮቦቶች አብዛኞቹ ካሜራ አላቸው፤ ያ ካሜራ መኝታ ቤታችሁንም ያያል። በ2022 ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የተሰኘው መጽሔት፣ ለሙከራ የተሰጡ ሩምባዎች በሰዎች ቤት ያነሷቸው ፎቶዎች፣ አንዲት ሴት ሽንት ቤት ተቀምጣ የሚያሳየውን ጨምሮ፣ ምስሎቹን እንዲለዩ በተቀጠሩ ሠራተኞች በኩል ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ መውጣታቸውን ዘግቧል። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኢኮቫክስ የተባለው አምራች የሠራቸው የአንዳንድ ሰዎች ሮቦቶች በርቀት ተጠልፈው፣ ጠላፊው በሮቦቱ ድምፅ ማጉያ ነዋሪዎቹን ሲሳደብ ተሰምቷል። ልጆች ላሉበት ቤት እኔ የምመርጠው ካሜራ የሌለውን፣ በሌዘር ብቻ የሚሄደውን ነው። ገመዱንና ካልሲውን ማንሳት የእኛ ሥራ ይሁን።

ሁለተኛው የኩባንያው ዕድሜ ነው። ሮቦቱ በስልክ መተግበሪያና በኩባንያው ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ኩባንያው ሲዘጋ ካርታውና የጊዜ ሰሌዳው አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ኒያቶ የተባለው አምራች በ2023 ተዘግቷል። ሩምባን የሠራው አይሮቦትም፣ አማዞን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ያደረገው ስምምነት በጥር 2024 ከፈረሰ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ማሽኖቹን ለሚሠራለት የቻይና ኩባንያ ሊተላለፍ ችሏል። ስለዚህ ለእናታችሁ ስትገዙ፣ ስልክ ሳይነካ ማሽኑ ላይ ባለው ቁልፍ ብቻ ተነስቶ ጠርጎ የሚመለስ መሆኑን አረጋግጡ።

መልስ 4፦ «አባ ዘውዱ ሰፈር» (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ለእናትሽ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። ልጄ ከውጭ ያመጣችልን ሮቦት እኛም ቤት ስላለ፣ እዚህ ያለውን ኑሮ ግምት ውስጥ አስገብቼ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ጣቢያ ያለውን ለእዚህ ቤት አታምጪ። ምክንያቴ ብዙ ነው። ከአሜሪካ የሚገዛው ጣቢያ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ትንሹ ሮቦት ግን የሚሞላው እንደ ላፕቶፕ ባለ ቻርጀር ከሆነ፣ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ካየሽ በኋላ ያለ ሥጋት ይሰካል። ጣቢያው አቧራውን የሚገለብጥበት ከረጢትም ሲሞላ ሌላ መግዛት ይጠይቃል፤ እዚህ ያንን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ጨርቅ ለሚያጥብ ማሽን ከሮቶ እየቀዱ ገንዳ መሙላት ለእናትሽ እረፍት ሳይሆን ተጨማሪ ሥራ ነው። የማሽኑን ትንሽ ጨርቅ አውልቆ በእጅ አለቅልቆ ማስጣት የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።

መብራት ሲጠፋ ሮቦቱ በባትሪው ስለሚሠራ የጀመረውን ይጨርሳል። ችግሩ የሚመጣው ሲመለስ ነው፤ ቻርጀሩ መብራት ከሌለው ሮቦቱ ማረፊያውን የሚያገኝበት ምልክት ስለሚቋረጥ አንዳንዱ መሀል ሳሎን ቆሞ ይቀራል። መብራት ሲመጣ አንስቶ ማስቀመጥ ነው። ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ የስቶክሆልሙ ወንድሜ ስለ ቁልፉ የተናገረው እዚህ ይበልጥ እውነት ነው። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሳይሆን መከላከያ ባለው ዲቫይደር ላይ ሰኪው።

የቤቱን ልማድም አስቢው። ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ ሮቦቱ አይችለውም፤ ረጅሙ ሣር በጎን ብሩሹና በጎማዎቹ ላይ ተጠምጥሞ ቀጥ ያደርገዋል። በዓመት በዓል ቀን ሮቦቱ አይነሳ፤ ቄጠማው በእጅ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የቀረውን ፈንዲሻና አቧራ እርሱ ይለቅመዋል፤ ያንን በደንብ ይሠራል። የሲኒው ረከቦት መሬት ላይ ባለበት ሰዓትም እንዲሁ፤ ሮቦት ገፍቶት ሲኒ ሲወድቅ አይቻለሁ። በክረምት ደግሞ በር ላይ ያለውን እርጥብ ጭቃ እንዲጠርግ አይላክ። ጭቃው ማጣሪያው ላይ ይደርቅና የመሳብ አቅሙን ይገድለዋል፤ ጫማ በር ላይ ማውለቅ ይሻላል። የእኛ ሮቦት በጋውን ሙሉ በአቧራ ሲሠራ ያልደከመውን፣ በአንድ ዝናባማ ሳምንት ማጣሪያው ተደፍኖ መሳብ አቃተው፤ ማጣሪያው የሚታጠብ ዓይነት ስለነበረ አጥበን በደንብ ካደረቅነው በኋላ ተመለሰ። የሚታጠብ ማጣሪያ ያለውን ምረጪ፤ መለዋወጫውንም፣ ሁለት የጎን ብሩሽና ጥቂት ጨርቅ ጨምረሽ፣ አብረሽ አምጪ።

ደፉን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ሮቦቶች ሊወጡ የሚችሉት 2 ሴንቲሜትር ያህል ነው። በድሮ ቤቶች የእንጨት ደፍ ከዚያ ይበልጣል። እናትሽን ወይም ረዳቷን በማስመሪያ አስለኪያቸው። ከበለጠ ግን ሮቦቱን በእጅ ከክፍል ወደ ክፍል ማዛወር ነው፤ ክብደቱ ከ4 ኪሎ የማይበልጠውን ብትመርጪ ጉልበቷ ለሚያማት እናትሽ ይቀላታል።

ፓርኬው ላይ ውሃ እንዳይበዛ አደራ። መተግበሪያው ላይ የውሃውን መጠን ዝቅተኛው ላይ አድርጊው፤ እናትሽ ቤት ስትደርሺ አንቺ ራስሽ አስተካክለሽ ተመለሺ። ለዚህ ሁሉ 250 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ፣ ካርታ የሚያወጣ፣ ጣቢያ የሌለው፣ የሚርገበገብ ጨርቅ ያለው ሮቦት ከበቂ በላይ ነው። ሴራሚኩ ላይ የለመደችውን ድምቀት ካልሰጣት ረዳቷ አልፎ አልፎ በእጅ ትወልውለው፤ ሮቦቱ የዕለት አቧራውን ከያዘ ትልቁ ሥራ ተቃልሏል።

«የአሌክሳንድሪያዋ» መለሰች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስለ ቄጠማውና ስለ መብራቱ ያሉት ከማንም ሻጭ የማላገኘው ነው። እህቴ ከዱባይ፣ ስለ ቆሻሻ ውሃ ገንዳው የነገርሽኝን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ገንዳውን መድፋት የእርሱ ድርሻ እንዲሆን ተስማምተናል።

እናቴን ደፉን አስለክቻት 2 ሴንቲሜትር ከግማሽ ሆኗል፤ ስለዚህ ሮቦቱን ሳሎንና ኮሪደሩ ላይ፣ እንዲሁም በእጅ እየተወሰደ መኝታ ቤቶቹ ላይ ልንጠቀምበት አስበናል። ለራሴ ቤት «ሰሜን ኮከብ» እንዳሉት ካሜራ የሌለውን፣ «ጽዱ ወለል» እንዳሉት ደግሞ ክብ ጨርቅ የሚያሽከረክረውን እስከ ኅዳር ልጠብቀው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፤ የእናቴን ሮቦት አውሮፕላን ላይ ይዞ መሄድ በባትሪው ምክንያት ችግር ይፈጥር ይሆን? አንዱ ዘመዴ ባትሪ ያለው ዕቃ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም ብሎ አስፈራርቶኛል።

«ጽዱ ወለል» መለሰ፦

ለደንበኞቼ ወደ አገር የሚላክ ሮቦት ሳሽግ የማየው ነገር ስለሆነ ልመልስልዎ። ወሰኑ 100 ዋት ሰዓት ነው። የሮቦቱ ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ያባዙት፤ በብዙዎቹ ሮቦቶች ላይ ያለው ትልቁ ባትሪ 14.4 ቮልትና 5,200 ሚሊአምፔር ሰዓት (5.2 አምፔር ሰዓት) ስለሆነ ውጤቱ 75 ገደማ ይመጣል፤ ከወሰኑ በታች ነው። በእጅ የሚያዘው ሻንጣ ውስጥ ከገባ ይመረጣል። በሚጫነው ሻንጣ ከላኩት ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፤ ከጎኑ ወይም ከጀርባው ዋና ማጥፊያ ያለው ከሆነ እርሱን ይዝጉት፤ በመንገድ ላይ ቁልፉ ተጭኖ እንዳይነሳም በካርቶኑ ውስጥ አጥብቀው ያሽጉት። መለዋወጫ ባትሪ ለብቻው ከገዙ በምንም ዓይነት በሚጫነው ሻንጣ አይሂድ፤ በእጅ ብቻ ነው። የውሃ ገንዳውንም ከማሸግዎ በፊት አፍስሰው ያድርቁት።